ከዶሮው በፊት

ፀዳል ወረቀቱን የሞላችው በንዴት ነው።

አባቷ የተኙበት፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ የሚገኘው የአረጋውያን መንከባከቢያ ለየታካሚው ቤተሰብ አንዳንድ ባለቀለም ወረቀት አድሎ ነበር። ጥያቄው አንዲት መስመር ናት፦ በእናንተ ቤት ለፋሲካ ምን ይበላል? ከጥያቄው ሥር ቅርጫት ያንጠለጠለች ጥንቸል ተሥላ ትስቃለች። ፀዳል የጥንቸሏን ጥርስ ስታይ ደሟ ፈላ። የአባቴ ጉሮሮ ውሃ አላሳልፍ ብሎ ሰውየው እንደ ቋንጣ ሲደርቁ፣ እነዚህ ስለ ድግስ ይጠይቁኛል አለችና፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳው ተጭና «ዶሮ ወጥ» ብላ ጻፈች። ኮሪደሩ ላይ ካለው ሰሌዳ ለጠፈችውና ሄደች። አባቷን አልጠየቀቻቸውም። ምኑ ይጠየቃል? ሐበሻ ለፋሲካ ዶሮ ይበላል።

ፀዳል ድሮም የማታውቀውን ከመጠየቅ አንብባ ማወቅ ነው የሚቀናት። ኮሌጅ ሁለት ሴሚስተር ሞክራ «አስተማሪው ከመጽሐፉ ይዘገያል» ብላ ትታዋለች። ዴንቨር መሐል ከተማ ባለ ሆቴል ክፍል ከማጽዳት ተነሥታ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ የሦስት ፎቅ ጽዳት ተቆጣጣሪ ሆናለች። ስፓኒሹን፣ ኮምፒዩተሩን፣ የሠራተኛ ሕጉን ራሷ ናት ለራሷ ያስተማረችው። ምላሷ ግን ማንም ሳያስተምራት የመጣ ነው። ባለፈው ጥር አባቷን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ስለ ሰው ጉሮሮ ያላነበበችው የለም። የመንከባከቢያው ናርሶች ከሩቅ ሲያዩዋት ሌላ ሥራ ትዝ ይላቸዋል።

አባቷ አቶ መልከጼዴቅ ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። ሁለት ልጆቻቸውን ካፒቶል ሂል በተከራዩዋት ጠባብ ቤት አሳድገው፣ ዴንቨር ውስጥ የማያውቁት መታጠፊያ ሳይኖር ነው ጡረታ የወጡት። ስትሮኩ ቀኝ እጃቸውንና ጉሮሯቸውን ያዘ፤ የታክሲ እንግሊዝኛቸውንም ይዞት ሄደ። ምላሳቸውን ቀስ አደረገው እንጂ ነገራቸውን አልነካውም።

ምግቡስ ይሁን። የሚበሉት ሁሉ ተፈጭቶ ይቅረብ ተብሏል፤ ሽሮ ደግሞ ማንም ሳያዘው ተፈጭቶ የመጣ ምግብ ነው። ሁዳዴውን ሙሉ ከፀዳል ቤት እየሄደላቸው በማንኪያ በልተዋል። ችግሩ መጠጡ ነው። ውሃ ይሁን ሻይ፣ ቀጭን ነገር ሁሉ መንገዱን ስቶ ወደ ሳንባቸው ይገባል፤ በየካቲት በዚሁ ሰበብ የሳንባ ምች ይዟቸው ለጥቂት ተርፈዋል። ስለዚህ ውሃቸው ፓውደር ተጨምሮበት፣ ወፍሮ ነው የሚቀርበው። አቶ መልከጼዴቅ አንድ ማንኪያ ይቀምሱና ከንፈራቸውን ይገጥማሉ።

«ይሄ ሙጫ ነው» ይላሉ። «እኔ ፖስታ ነኝ?»

ከዚያ ወዲያ ያንን አፍ የሚያስከፍት ጀግና አልተወለደም። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ደርቀው፣ በአምቡላንስ ሆስፒታል ተወስደው፣ ግሉኮስ ተደርጎላቸው ተመልሰዋል።

የአሜሪካኖቹ ፋሲካ ዘንድሮ ከእኛ ሆሳዕና ጋር ገጠመ። ምግብ አዳራሹ በየቤተሰቡ ድስት ተሞላ። የአባቷ የክፍል ጓደኛ የሚስተር ሃሮልድ ልጆች ከነብራስካ ድረስ ነድተው፣ አናናስ የተሰካበት የአሳማ ሥጋና ካሮት የተፈቀፈቀበት፣ እንደ ረጋ ጭማቂ የሚንቀጠቀጥ አረንጓዴ ጄሎ ይዘው መጥተዋል። የፖላንዷ ባልቴት ፊት ደግሞ ከቅቤ የተቀረጸ በግ ቆሟል። ፀዳል በጉን ሁለቴ ዞራ አየችው፤ ቅቤ አንጥሮ መብላት እያለ ጸጉር እየፈለፈሉ በግ ማድረግ ምን የሚሉት ትዕግሥት ነው አለች በሆዷ።

ወንድሟ ተክለሚካኤልና ሚስቱ ፀሐይነሽ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥተው፣ በአባትየው ጣት ላይ የዘንባባ ቀለበት አስረውላቸዋል። ትሪው መጣ። ሳህኑ ላይ አንድ ሮዝ ነገር በቅርጽ ማውጫ ወጥቶ ቁጭ ብሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አቶ መልከጼዴቅ።

«የአሳማ ሥጋ ነው አባባ። ፈጭተውት ነው» አለች ፀዳል።

«አሳማው ምን አጥፍቶ?»

ተክለሚካኤል ሳቀ። ፀዳል ግን ትሪውን ይዛ ወደ መጣችው ሴት ዞራ፣ «እኛ ገና ጾም ላይ ነን፤ ፋሲካችን የዛሬ ሳምንት ነው ብዬ አምስት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ከዚህ በላይ ደወል ልደውል?» አለቻት። ሴትየዋ ይቅርታ ብላ ሮዙን ነገር ይዛ ተመለሰች።

በማግስቱ ሐኪሙ ሁለቱን ልጆች አስቀመጣቸው። ኩላሊታቸው እየደከመ ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ ከደረቁ ላይመለሱ ይችላሉ አለ። እስከሚመጣው ሰኞ በአፋቸው በቂ ፈሳሽ መውሰድ ካልጀመሩ፣ በሆዳቸው በኩል ቲዩብ ገብቶ ውሃውም መድኃኒቱም በዚያ ይሂድ። ፊርማው የፀዳል ነው፤ አባትየው ገና ሆስፒታል ሳሉ «ለእኔ የምትወስነው እሷ ናት» ብለው ወረቀት አስጽፈዋል።

ፀዳል አባቷን ለብቻቸው ጠየቀቻቸው።

«ሆዴን ቀዶ ማጠጣት አልወድም» አሉ። «አፍ ያለው ሰው ነኝ። ግን አንቺ ይሁን ካልሽ አልጣላሽም።»

እንቅልፍ የነሳት ይህ «አልጣላሽም» ነው። ቢጣሏት ይቀላት ነበር።

ተክለሚካኤል ከቶርንተን ድረስ እየነዳ በየቀኑ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ደግሞ ፓርኪንግ ላይ ይጨቃጨቃሉ።

«ፈርሚ» አላት ረቡዕ ዕለት። «ምን ትጠብቂያለሽ? ያነበብሽው ሁሉ እኮ ለእሳቸው አንድ ብርጭቆ ውሃ አልሆነም።»

«አንተስ ያላነበብከው ምን ሆነላቸው?»

«እኔ አባቴን በሕይወት ነው የምፈልገው።»

«እኔ በሬሳ ሳጥን ነው የምፈልጋቸው አልኩህ?» ብላ የመኪናዋን በር ዘጋችበት። መንገድ ከወጣች በኋላ ግን አንገቷን መሪው ላይ ደፍታ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩንባ እስኪነፋባት ቆየች። ወንድሟ ያለው ስሕተት አልነበረም።

አርብ፣ የስቅለት ዕለት፣ ከሥራ ቀጥታ መጥታ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። አቶ መልከጼዴቅ ናርሶቹን ያሳበደ ነገር ጀምረዋል፦ ፋሲካ እስኪገባ ምንም አልቀምስም ብለዋል። የንስሐ አባታቸው ስልክ ደውለው «በሽተኛ ነዎት፤ አይገደዱም» ቢሏቸው፣ «አባቴ፣ አልተገደድኩም፤ ወድጄ ነው» ብለው ዘጉት። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ናርሷ በክንዳቸው ጥቂት ግሉኮስ ተክላለች።

የመንከባከቢያው ወጥ ቤት ኃላፊ ሮሳሪዮ በሩን አንኳኩታ ገባች። አጭር፣ ክንዷ የወፈረ፣ ከሜክሲኮ፣ ከቺዋዋ የመጣች ሴት ናት። እጇ ላይ ያ ጥንቸል ያለበት ወረቀት አለ።

«ባለፈው እሑድ አጥፍተናል» አለች። «የእናንተን ፋሲካ በእናንተ ቀን ላብስል ብዬ ነው። ይሄ ዶሮ ወጥ የሚሉት ቢፈጭ ጣዕሙ ይጠፋል?»

ፀዳል ልትመልስላት አፏን ስትከፍት አባቷ «ምንድን ነው የምትለው?» አሉ። ተረጎመችላቸው።

«ዶሮ ወጥ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኛ። ቤታችሁ ለፋሲካ ምን ይበላል ሲሉኝ።»

አቶ መልከጼዴቅ በደህነኛው እጃቸው አንሶላውን ጎተት አደረጉ። ይህን የሚያደርጉት ነገር ሲመጣባቸው ነው።

«ዶሮው የእናትሽ ቤት ነው። ነፍሷን ይማርና፣ እሷ ዶሮዋን አይታ ሌላ ነገር አታይም ነበር። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት በግ ነው የሚታረደው። በጉም ቢሆን ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ተልባ ነው።»

«ተልባ?»

«ተልባ። ሃምሳ አምስት ቀን የደረቀ አንጀት በቅቤ ይጀመራል? ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን እናቴ በዋንጫ ተልባ በጥብጣ ለየሰዉ ትሰጣለች። እሱን ጠጥተሽ፣ አንጀትሽ ከራሰ በኋላ ነው ሌላው። ተልባውን ሳይጠጣ ወደ ሥጋው እጁን የሰደደ አለንጋ ይቀምሳል። እናንተ ዘላችሁ ዶሮው ላይ ትወጡና በማግስቱ ሆዴን ትላላችሁ።»

ይህን ሁሉ ለመናገር ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ሮሳሪዮ ፀዳል እስክትተረጉምላት ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ሳቀች።

«የእኛም እንደዚሁ ነው» አለች። «እኔ ቤት ዳቦ በጥቁር ስኳርና በዓይብ ይጋገራል። የባሌ እናት ደግሞ ዓይብ ከገባበት ዳቦው ተበላሸ ባይ ናት። በየዓመቱ ሁለት እጋግራለሁ። ሁለት ቤት ከተጋባ ሁለት ድስት ነው።»

ፀዳል አልሰማቻትም። ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ነገር ቆሟል። ተልባን የምታውቀው በሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ ለሆድ ድርቀት ነው ተብሎ በላስቲክ ታስሮ ነው። አንዴ ውሃ ውስጥ ረስታው ግን አይታዋለች፤ አድሮ ሲያዩት ውሃው ይዝለገለጋል፣ ይወፍራል፣ ከማንኪያ እንደ ክር ይወርዳል።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ። «ተልባ እኮ ወፍራም ነው።»

«ወፍራም ነዋ።»

«ያስጠላዎት ውሃም እኮ ወፍራም ነው።»

«አንቺ ደግሞ!» አሉ፤ እውነትም ተቆጥተው። «ያ ውሃ ነኝ እያለ የሚዋሽ ነው። ተልባ መቼ ውሃ ነኝ አለ?»

ፀዳል ተነሥታ ወጣች። ሜገንን ያገኘቻት በደረጃው ሥር፣ ሳንድዊች እየገመጠች ነው። ሜገን የጉሮሮ ቴራፒስቷ ናት፤ ለሰው ሁሉ የመዋጥ ትምህርት የምትሰጥ፣ ራሷ ግን ቁጭ ብላ በልታ የማታውቅ። ፀዳል በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት።

«ፍሬው ጉሮሮው ላይ ከቀረ አደጋ ነው» አለች ሜገን ካሰበች በኋላ። «ቅንጣት ሳይኖረው መጠለል አለበት። ውፍረቱም መለካት አለበት፤ በግምት አይሆንም።»

«በሲሪንጅ መሆኑን አውቃለሁ። አሥር ሚሊ ሞልተሽ፣ ጣትሽን ከሥሩ አንሥተሽ፣ አሥር ሰከንድ ትቆጥሪያለሽ። ከአራት እስከ ስምንት ሚሊ ከቀረ ለእሳቸው ይሆናል።»

ሜገን አየቻት። «የት ተማርሽው?»

«ስትለኪ አይቼ፤ ከዚያ አነበብኩት።»

«እሑድ እስከ ስምንት ሰዓት እዚህ ነኝ» አለች ሜገን፣ ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር ሁለት ብላ። «አምጪው። ተልባው መድኃኒታቸውን እንዳይዝባቸው፣ ከመጠጣታቸው ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው መድኃኒቱን ወስደው ይጨርሱ፤ ለናርሷ እኔ እነግራታለሁ። ካለፈ እሞክራለሁ። ካሳላቸው ግን እዚያው አቆማለሁ፤ እንዳትከራከሪኝ።»

«አልከራከርም» አለች ፀዳል። ሜገን አላመነቻትም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሐበሻ ሱቅ አንድ ኪሎ ተልባ ገዝታ ወጥ ቤቷ ገባች። ኢንተርኔቱ ስለ ተልባ ሺህ ነገር ይናገራል፤ ለጸጉር፣ ለልብ፣ ለኬክ፣ ለፈረስ። የመንዝ እናት በዋንጫ እንዴት እንደበጠበጠችው ግን አንድ ሰው አልጻፈም። ዝም ብላ ጥሬውን በብሌንደር ፈጨችው፤ ሣር ሣር አለ። እንደገና ጠብሳ ሞከረች፤ አረረባት። ሦስተኛው ላይ ብሌንደሩን አጥፍታ ስልኳን ረጅም ጊዜ አየችው።

የምታውቅ አንዲት ሰው አለች፤ ፀሐይነሽ። የወንድሟ ሚስት አርሲ ነው ያደገችው፣ የተልባ አገር። ፀዳል ግን ላለፉት አምስት ዓመታት ፀሐይነሽን ምንም ነገር ጠይቃ አታውቅም፤ ይልቁንም ድንች ስትልጥ እንኳ ታርማት ነበር።

«ሃሎ፣ ፀሐይዬ» አለች።

«ማን ሞተ?» አለች ፀሐይነሽ።

«ማንም አልሞተም። ተልባ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«አንቺ? እኔን? ቆይ ቁጭ ልበል።»

«ቁጭ በይና ንገሪኝ።»

ፀሐይነሽ ሳቀች፤ የነገር ሳቅ አልነበረም። «ምጣዱ በጣም አይጋል። እያማሰልሽ፣ ጠሽ ጠሽ ማለት ሲጀምር ወዲያው አውርጂው፤ ከዚያ በኋላ ከቆየ መራራ ነው። ሲበርድ ውቀጪው ወይ ፍጪው። ለብ ባለ ውሃ በጥብጪና ተዪው፣ ገለባው ይስፈር። ከዚያ በጨርቅ አጥሊው፤ በወንፊት አይሆንም፣ ያመልጣል። ማር ጠብ አድርጊበት። ለአባባ ነው?»

«ለአባባ ነው።»

«እንግዲያው ሁለቴ አጥሊው» አለች ፀሐይነሽ፤ ድምፅዋ ተለውጦ።

አራተኛው ተሳካ። ፀዳል ሲሪንጁን ወደ ላይ ይዛ፣ ከምድጃው ሰዓት ላይ አሥር ሰከንድ ቆጠረች። ሦስት ቀረ፤ ቀጥኗል። ተልባ ጨምራ እንደገና አጠለለች። አምስት ቀረ። በሌላ ሲሪንጅ ለካችው፤ አምስት። ቁርስ አለመብላቷ ያን ጊዜ ትዝ አላት፤ ለነገሩ ጾም ነው።

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረው፣ እሑድ ረፋዱ ላይ ሁሉም መንከባከቢያው ደረሱ። ፀሐይነሽ ዶሮዋን፣ እንቁላሉን ከነድስቱ በፎጣ ጠቅልላ ተሸክማለች። ተክለሚካኤል ነጭ ለብሷል፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ስለ ተልባው ሚስቱ ነግራዋለች፤ እሱ ግን አላመነበትም።

«ነገ ሰኞ ነው» አላት በጆሮዋ።

«የሳምንቱን ቀናት አውቃለሁ።»

አቶ መልከጼዴቅ ከተደገፉበት ትራስ ላይ ሆነው ሁሉንም በዓይናቸው ሳሟቸው። ሦስት ቀን ውሃ ያልነካው ምላሳቸው ከላንቃቸው ጋር እየተጣበቀ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ያሉት በሹክሹክታ ነው። ጉንጫቸው ሰርጉዷል። ፀዳል ስታያቸው፣ ይሄ ነገር ካልሆነ ነገ ከማለዳ እፈርማለሁ ብላ ወሰነች።

ሜገን ገባች። ከቴርሞሱ ውስጥ ወደ ብርጭቆ ቀድታ፣ ሲሪንጁን ሞላችና ጣቷን አነሣች። ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። ጠብታው አልወርድ አለ። አሥር ሰከንድ ሲሞላ አሥሩም ሚሊ እዚያው ነበር።

«ይሄ በጣም ወፍራም ነው» አለች። «ይሄ አይሆንም።»

ተክለሚካኤል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትላንት አምስት ነበር፤ ፀዳል ሁለት ጊዜ ለክታዋለች። ከዚያ ገባት፦ ተልባ አይቆምም። አድሮ ይወፍራል፣ በቆየ ቁጥር ይዝለገለጋል። ትላንት ሠርታ በቴርሞስ ማሳደሯ ነው ጥፋቱ፤ የአባቷ እናት በዋንጫ በጥብጣ ወዲያው ነበር የምትሰጠው።

አፏ ለክርክር ተከፈተ። አልተከራከረችም።

«አምስት ደቂቃ ስጪኝ» አለች። «ለብ ያለ ውሃ።»

ውሃውን ይዛ የሮጠችው ፀሐይነሽ ናት። ፀዳል በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረች መታችው፣ ሜገን ለካች። ዘጠኝ። እንደገና ጨመረች። ሰባት ተኩል። እንደገና። ስድስት።

«ስድስት» አለች ሜገን። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥታ፣ ቅንጣት ፈልጋ አጣች። «እሺ። በማንኪያ እንጀምራለን። ቀና ያድርጓቸው።»

የማንኪያው ጫፍ ሲነካቸው አቶ መልከጼዴቅ ከንፈራቸውን ገጠሙ፤ የለመዱት ነው። ከዚያ ሽታው ደረሳቸው። አፍንጫቸው ሲከፈት ታየ። ሌሎቹን አላዩም፤ ማንኪያውን ብቻ አዩና አፋቸውን ከፈቱ።

ሜገን ሁለት ጣቷን ማንቁርታቸው ላይ አሳርፋለች። ማንቁርቱ ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ወረደ። ፀዳል ሳሉን ጠበቀች። ሳል አልመጣም።

«ያናግሯቸው» አለች ሜገን። «ድምፃቸው እርጥብ እንደሆነ ልስማ። ረዘም ያለ ነገር ይበሉ።»

«አባባ፣ የሆነ ነገር ይበሉ። ረዘም ያለ።»

አቶ መልከጼዴቅ አሰቡ።

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አሉ።

ድምፁ ጎርናና ነበር፣ ግን ደረቅ፤ ውሃ አልተንቦጨረቀበትም። ተክለሚካኤል ከመስኮቱ ዘወር አለ። «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ሲል ፀሐይነሽም አብራው ናት። አባትየው ቀጠሉ፣ እነሱም መለሱ፣ እስከ «ፍሥሓ ወሰላም» ድረስ። ሜገን ምንም ሳይገባት ጆሮዋን ወደ ጉሮሯቸው አስጠግታ ሁሉንም ሰማች።

«ንጹሕ ነው» አለች። «በጣም ንጹሕ ነው። እንቀጥል።»

አምስት ማንኪያ። አሥር። ከዚያ በብርጭቆ፣ በትንሽ በትንሹ፣ አገጫቸውን ዝቅ አድርገው። አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሁሉም ደነገጠ፤ ሜገን እጇን አንሥታ ጠበቀች፤ ምንም አልነበረም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብርጭቆው አለቀ። ከጥር ወዲህ ይሄ ሰው ብርጭቆ ጨርሶ አያውቅም።

አቶ መልከጼዴቅ ከንፈራቸውን በምላሳቸው ላሱ።

«ማሩ በዝቷል» አሉ። «እናቴ ማር አትጨምርበትም ነበር።»

ፀሐይነሽ ማሩን ያዘዘችው እሷ ነችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ፀዳል ስትስቅ እንባዋ ቀደማት፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችውና የሚስተር ሃሮልድን መጋረጃ ያስተካከለች መሰለች።

ሜገን ለተረኛው ሐኪም ልትደውል ወጣች። አሥር ደቂቃ ነው የቆየችው፤ ለፀዳል ግን ሌላ ሁዳዴ ሆነባት። ስትመለስ በሩን በትከሻዋ ገፍታ፣ ፈገግ ብላ ነው።

«የነገው ቀርቷል» አለች። «ሁለት ሳምንት እናያለን። በቀን ስድስት ብርጭቆ ከጠጡ፣ ኩላሊታቸውም ከተስተካከለ፣ ቲዩቡ አያስፈልግም ብሏል። ግን በየጊዜው ትኩስ ተሠርቶ፣ ከመጠጣቱ በፊት ይለካ። ጠዋት ሮሳሪዮ ትሠራለች፤ ላስተምራት እችላለሁ። ሌላውን እናንተ።»

ፀዳል ለአባቷ ተረጎመችላቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ሆዴ ተረፈች» አሉ።

ፀዳል ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ አሥር ሳምንት ሙሉ የተሸከመችው ነገር ከትከሻዋ ላይ ሲወርድ፣ ጀርባዋ የሚሆነውን አጥቶ ዝም ብሎ ተለጠጠ። ፀሐይነሽ ድስቱን ከፍታ፣ ወጡን አንድ ፍሬ እንቁላል ጨምራ በእንጀራ ጠቀለለችና አጎረሰቻት። ፀዳል እንደ ሕፃን አፏን ከፈተች። በርበሬው በዝቷል ለማለት እንኳ አልዳዳትም።

«ጥሩ ነው» አለች። «በጣም ጥሩ ነው፣ ፀሐይዬ።»

ፀሐይነሽ ባሏን አየችው፤ ሰማህ ወይ እንደማለት።

ተክለሚካኤል ግን ብርጭቆውን ይዞ ሥሩን ይመረምራል። «ማታ የሚሠራው ማነው?» አለ።

«እኔ የማታ ሺፍት አለኝ» አለች ፀዳል። «ፀሐይነሽም ልጆቹን ታስተኛለች።»

«እኔ እሠራዋለሁ።»

«አንተ ሻይ አፍልተህ ታውቃለህ?»

«አስተምሪኛ። አንብበሽ የለ እንዴ?»

መልስ ነበራት፤ ጥርሷ ላይ ደርሶ ነበር። ተወችውና ሲሪንጁን ሰጠችው። እንዴት እንደሚሞላ፣ ጣቱን የት እንደሚያኖር፣ መቼ እንደሚያነሣ አሳየችው። ከቴርሞሱ የተረፈውን ቀድቶ ሞላ። ትልቅ ሰውዬ፣ ነጭ እንደለበሰ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያቺን ትንሽ ሲሪንጅ ወደ መብራቱ አነሣና መቁጠር ጀመረ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት...»

«ሰባትን የት ጣልካት?» አሉ አባቱ፣ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ። «እንደገና ጀምር።»

እንደገና ጀመረ።